ጓጉንቸሩ ተራራ ላይ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ

ፍቅራችሁን የት ነው የቆለፋችሁት? «ልባችን ውስጥ ነዋ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቻይና ውስጥ ግን ፍቅሩን ተራራ ጫፍ ላይ በጓጉንቸር ቆልፎ የሚመለስ ጥንድ ሞልቷል። የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚህ ተራራና እሱ ስላመጣው አንድ ጣጣ ነው።

ተራራው ሁዋንግሻን ይባላል፤ «ቢጫ ተራራ» ማለት ነው። የሚገኘው በምሥራቅ ቻይና፣ አንሁዊ በተባለው ክፍለ ሀገር ነው። ስሙን ሰምታችሁ ታዲያ ቢጫ ድንጋይ እንዳትፈልጉ። ድንጋዩ ግራናይት ነው። ቻይናውያን እንደ አባታቸው የሚያዩት፣ በአፈ ታሪክ የሚታወቀው «ቢጫው ንጉሠ ነገሥት» የዘላለም ሕይወት መድኃኒት ቀምሞ ወደ ሰማይ ያረገው ከዚያ ነው ይባላል። የታንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ሹዋንዞንግም እ.ኤ.አ በ747 የተራራውን የድሮ ስም ትቶ በዚሁ ባለታሪክ ስም እንዲጠራ አደረገ።

እዚያ ደርሶ የመጣ፣ ቻይና የተማረ አንድ ጓደኛ አለኝ። «ከፍታው እኮ አያስደነግጥም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ከጫፎቹ ሁሉ የሚበልጠው የሎተስ ጫፍ 1,864 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ በላይ ናት። የሚያስደነግጠው ደረጃው ነው። ከ60,000 በላይ ነው የሚባልለት፣ ከዓለቱ ተጠርቦ የተሠራ ደረጃ! እ.ኤ.አ ከ1986 ጀምሮ ኬብል ካር ስላለ የሰነፈ ሰው በሱ ይወጣል። ጓደኛዬ ግን በእግሩ ነው የወጣው።

ሲነጋ ያየውን ሲያወራ ዓይኑ ያበራል። ከእግሩ በታች ያለው ሸለቆ በሙሉ በደመና ተሞልቶ ባሕር መስሏል። የተራራው ጫፎች እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለዋል። በቻይና ሥዕል ላይ ተራራ በጭጋግ ላይ ሲንሳፈፍ አይታችሁ «ሠዓሊው አጋነነ» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። አላጋነነም! በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሽታዎንና ሆንግረንን የመሰሉ ሠዓሊዎች ይህንኑ ተራራ እያዩ ስለሣሉ፣ በተራራው ስም የሚጠራ የሥዕል ስልት እስከ መፍጠር ደርሰዋል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ በ1990 በተፈጥሮውም በባህሉም የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

ጥዶቹ ደግሞ ጉድ ናቸው። አፈር በሌለበት፣ ከግራናይቱ ስንጥቅ ውስጥ ሥራቸውን ሰድደው ይበቅላሉ። ከመሐላቸው አንዱ ቅርንጫፉን ወደ አንድ ጎን ዘርግቶ «ቤት ለእንግዳ» የሚል ስለሚመስል «እንግዳ ተቀባዩ ጥድ» ይሉታል። ሥዕሉ ቤጂንግ በሚገኘው ትልቁ የሕዝብ አዳራሽ ተሰቅሏል። ለዛፉ ራሱ ጠባቂ ተመድቦለታል።

ወደ ጓጉንቸሩ ልመለስ። በገደሉ አፋፍ ለመደገፊያ የተዘረጋው ሰንሰለት በጓጉንቸር ተሸፍኗል። ፍቅረኞች ስማቸውን አስቀርጸው ይቆልፉና ቁልፉን ገደል ይወረውሩታል። ቁልፉ ካልተገኘ ጓጉንቸሩ አይከፈት፤ ጓጉንቸሩ ካልተከፈተ ፍቅሩ አይፈታ ነው ነገሩ።

ጓደኛዬም አዲስ አበባ የምትጠብቀውን ልጅ ስም ከራሱ ስም ጋር አስቀርጾ ቆለፈ። ፎቶውን ላከላት። «ቁልፉን ገደል ጣልኩት፣ አለቀ!» አላት። እሷም በደስታ አልቅሳ ፎቶውን ለጓደኞቿ ሁሉ አሳየች።

ልጁ ተምሮ መጣ። አንድ ቀን ጃኬቱን ልታጥብለት ኪሱን ስትፈትሽ ትንሽ ቁልፍ አገኘች። ወዲያው ደወለችልኝ። «ጣልኩት አላለኝም? ምን አስቦ ነው ያስቀመጠው?»

ይዤው ተቀመጥኩ። «ጓጉንቸሩ ሁለት ቁልፍ ነበረው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «አንዱን ወረወርኩ። ሁለተኛውን ልወረውር ስል እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ዓመት በስልክ ብቻ አፍቅረህ ታውቃለህ? ስመለስ የማላውቃት ሴት ሆና ብትጠብቀኝስ?»

መጀመሪያ ለሷ ነበር የፈረድኩት። አሁን ግን የሚመስለኝ እንዲህ ነው። መፍራቱ ኃጢአት አይደለም። ጥፋቱ «ጣልኩት» ማለቱ ነው። ደግሞም ሁለት ሰው የሚያስር ነገር አንዱ ብቻውን ቆልፎ ለሌላው በፎቶ የሚላክ አይደለም።

«ሌላስ ምን አየህ?» ብዬ ስጠይቀው ስለ ተሸካሚዎቹ ነገረኝ። ተራራው ላይ ላሉት ሆቴሎች ምግቡን፣ አንሶላውን የሚያወጡ ሰዎች ናቸው። አግዳሚ እንጨት ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሸክሙን ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ያንን ደረጃ ይወጣሉ። ሲደክማቸው እንጨቱን በዱላ ደግፈው ያርፉና ይቀጥላሉ። ነገም እንደዚያው ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ፍቅር የሚመስለው እነሱን ነው። ጓጉንቸርማ በአንድ ደቂቃ ይቆለፋል።

ይህንኑ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና ቁልፉን ከቤቷ ቁልፍ ጋር ከአንድ ቀለበት አስገባችው።

«እኔ ጋ ይቀመጥ» አለች። «አንድ ቀን አብረን እንወጣለን። ያኔ ወይ እጥለዋለሁ፣ ወይ እከፍተዋለሁ።»

እሱም ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሯል። የእናንተስ ሁለተኛ ቁልፍ የት ነው ያለው? ሳምንት ያገናኘን!