አይጥ የሚኖርበትን ክፍተት ስለ መዝጋት

በ2004 ዓ. ም. ክረምት፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2012፣ በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ ግዛት ዮሰማይት ወደሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ለዕረፍት ከሄዱት ጐብኚዎች መካከል 10 ሰዎች በሃንታ ቫይረስ ደዌ ተይዘው 3ቱ ሞቱ። ከታመሙት የሚበዙት ያደሩት በአንድ ዐይነት የድንኳን ቤት ውስጥ ነበር። ቤቶቹ ከተተከሉ ገና ጥቂት ዓመታት የሆናቸው፣ ያማሩና የተመቹ ነበሩ፤ ብርድ እንዳይገባባቸውም ግድግዳቸው ድርብ ሆኖ በመካከሉ ሙቀት የሚጠብቅ ስፖንጅ ተደርጎበት ነበር። መርማሪዎች ግድግዳውን ገልጠው ቢመለከቱ፣ የዱር አይጥ ስፖንጁን ፈልፍላ መተላለፊያና ጎጆ ሠርታበት አገኙ። የፓርኩ አስተዳደርም እንዲህ ያሉትን 91 ድንኳኖች ዘጋ።

ይህ ቫይረስ በአሜሪካ በሰው ላይ ታውቆ የተለየው በ1985 ዓ. ም. ነው። በዚያ አገር የሚያስተላልፈው ሆዷ ነጭ የሆነች ትንሽ የዱር አይጥ ስትሆን፣ ሽንቷና ኩሷ ደርቆ ከአቧራ ጋር ሲነሣ ሰው በትንፋሽ ይስበዋል። ደዌው ሳንባ ላይ ከደረሰ ከታመሙት ከ100 ሰዎች 38 ያህሉ ይሞታሉ። ያችው የአይጥ ዘር በአገራችን የለችም፤ ስለዚህ አንባቢዎቻችንን በዚህ ደዌ ስም ለማስፈራራት አንፈልግም። ነገር ግን የእኛ የቤት አይጥም ባዶ እጇን አትመጣም። በሽንቷ ሌፕቶስፓይራ የሚባለውን ተሐዋስያን፣ በኩሷ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሳልሞኔላ፣ በቍንጫዋ ደግሞ አንዱን ዐይነት የታይፈስ ደዌ ታመጣለች።

በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ በፋብሪካ ተሠርቶ በመኪና ተጎትቶ በሚተከል ተንቀሳቃሽ ቤት ይኖራል። ቤቱ የሚያርፈው በብረት አግዳሚ ላይ ስለ ሆነ በወለሉና በመሬቱ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተቱም ዙሪያውን በስስ ሽፋን ይከለላል። የውሃው ቱቦና የመብራቱ ሽቦ ወለሉን በስተው ይገባሉ። ሠራተኛው ለቱቦው ሲል ከቱቦው የሰፋ ቀዳዳ ይበሳና ዙሪያውን ሳይደፍን ይሄዳል፤ አይጧም በዚያው ገብታ በወለሉ ሥር ያለውን የሙቀት መጠበቂያ ጥጥ ቀዳ ጎጆ ታደርገዋለች። እርስዋን ተከትሎ እባብ ይመጣል፤ ሌላም የዱር እንስሳ በወለሉ ሥር ይወልዳል።

እንዲህ ያለ ቤት በእኛ አገር የለም የሚል ሰው ቢኖር፣ በየከተማችን መንገድ ዳር ሱቅ፣ ቢሮና መጋዘን ሆኖ የቆመውን ኮንቴይነር ይመልከት። ኮንቴይነር በመርከብ ላይ ሳለ በሩ በጐማ የተገጠመ፣ አካሉም ብረት ስለ ሆነ ለአይጥ የማይበገር ነው። መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ግን መስኮት ይቈረጥለታል፤ ለሽቦ ይበሳል፤ ሙቀቱ እንዲበርድ ውስጡ በኮምፔንሳቶ ይለበጣል። ያን ጊዜ በብረቱና በኮምፔንሳቶው መካከል የሚቀረው ክፍተት ከዮሰማይቱ ድንኳን ግድግዳ በምንም አይለይም። በቀድሞው የጭቃ ቤታችንም ቢሆን በአቡጀዴ ወይም በማዳበሪያ ጆንያ የተወጠረው ኮርኒስ ሌሊት የአይጥ መሮጫ እንደሚሆን የማያውቅ ከተሜ ያለ አይመስለንም። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ሸለመጥማጥና የሌሊት ወፍም ይገባሉ።

ስለዚህ ነገሩ የሚጀመረው ከመርዝና ከወጥመድ አስቀድሞ ከቀዳዳው ነው። ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ፣ ይኸውም እርሳስ በሚያስገባ ስንጥቅ ትሾልካለች፤ ትልቁም አይጥ ከ12 ሚሊሜትር የበለጠ አይፈልግም። ቀዳዳውን ለማግኘት በቀን ቤቱን ዘግቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ በጨለማው ውስጥ መቆም ይበቃል፤ ብርሃን በገባበት ሁሉ አይጥም ይገባል። በወለሉ ላይ ማታ አመድ ነስንሶ ጧት ዱካውን ማየትም መንገዷን ያሳውቃል። የተገኘውን ቀዳዳ ወዲያው በሲሚንቶ መድፈን ግን አይገባም፤ እንስሳው በውስጥ ታሽጎ ቢሞት ሽታው ለብዙ ቀን ቤቱን ያውካል። ቀዳዳውን አስቀድሞ በወረቀት በስሱ መወተፍ ነው። ወረቀቱ ሁለት ሦስት ቀን ሳይነካ ከቈየ ውስጡ ባዶ ነው። ሸለመጥማጥ ከሆነ ሌሊት ለአደን ሲወጣ ይዘጋበታል፤ ነገር ግን ግልገል አለመኖሩን አስቀድሞ ማየት ይገባል።

የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ ስትቈረጥም ትኖራለች። እንጨት፣ ጭቃ፣ ፕላስቲክና ጐማ አያግዳትም፤ ጨርቅ መወተፍማ ጎጆዋን እንደ ማንጠፍ ነው። የሚያግዳት ብረት ነው። ድስት የሚፈተግበትን የሽቦ ጥቅል በቀዳዳው ውስጥ አጥብቆ ጠቅጥቆ፣ በላዩ ሲሚንቶ መምረግ ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው። የአየር መተላለፊያ መስኮት በወንፊት ሽቦ፣ የበር ግርጌ ደግሞ በላሜራ ይለበጣል። እህል በጎተራ የሚያስቀምጥ ሰው ጎተራውን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በየእግሩ ላይ አፉ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ሾጣጣ ቢያለብስ፣ አይጥ ተንጠላጥላ ማለፍ አትችልም።

ስለ መርዝ አንድ ቃል እንበል። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ መርዝ የሚበትን ሰው በሞቱት ቦታ ከጎረቤት አዲስ እንግዳ ይጠራል፤ አይጥ ለመውለድ 3 ሳምንት ያህል ብቻ ይበቃታልና። ከዚህም በቀር መርዙን የሚያገኘው የጎረቤት ዶሮ፣ ከሁሉም የሚከፋው ግን በእግሩ የሚድኸው ሕፃን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የተባለው እንዲህ ባለው ጊዜ በእውነት ይፈጸማል። ድመትም ብትሆን የምትይዘው የወጣችውን እንጂ በግድግዳው መካከል የተኛችውን አይደለም።

መምህራን በተለይ እንዲያስቡልን የምንለምነው ስለ መስከረም ነው። ክረምቱን ተዘግቶ የከረመው የመጻሕፍት ክፍልና መጋዘን ሲከፈት፣ ተማሪዎች መጥረጊያ ተሰጥቷቸው የአይጥ ኩስ ከአቧራ ጋር ሲያቦኑ በብዙ ቦታ እናያለን። ይህ ሥራ ለልጆች አይሰጥ። አንድ ዐዋቂ ሰው በሩንና መስኮቱን ከፍቶ 30 ደቂቃ ከውጭ ይቈይ፤ ጓንት አድርጎ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጦ ኩሱ ያለበትን ቦታ ሁሉ በደንብ ያርጥብ፤ 5 ደቂቃ ጠብቆ በጨርቅ ወይም በወረቀት ይጥረግ እንጂ በደረቁ አይጥረግ። የጠረገበትን በከረጢት ቋጥሮ ይጣል፤ ጓንቱን ሳያወልቅ በበረኪናው፣ ካወለቀ በኋላም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ተማሪዎቹ ከዚያ በኋላ ይግቡ።