ቀለሙ ጠፋ ማለት ውሃው ጠራ ማለት ነውን?

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣ ቀለም ያዘለ ፍሳሽ ወንዝ ሲገባ የፀሐይ ብርሃን ወደ ውሃው ጥልቀት እንዳይዘልቅ ያግዳል። ማቅለሚያዎቹ እንዳይለቁ ተደርገው የተሠሩ በመሆናቸው ባክቴሪያዎችም በቀላሉ አያፈርሷቸውም። ታዲያ ብርሃን ራሱ መፍትሔ ሊሆን ይችላልን?

እ.ኤ.አ. በ1972 ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ኃይል ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ለመክፈል እንደሚያገለግል በኔቸር መጽሔት አስነበቡ። በዚህ ነጭ ዱቄት ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍ ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሣሉ፤ ክፍት የቀረው ቦታም ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባለ ኃይለኛ ቅንጣት ይፈጥራል። ራዲካሉ የማቅለሚያውን ሞለኪውል ይሰባብራል፤ ዱቄቱ ግን ካታሊስት በመሆኑ በሂደቱ አያልቅም።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ቀለሙ የሚጠፋው ብርሃን የሚመጥጠው የሞለኪውሉ ክፍል እንደተበጠሰ ነው፤ ስብርባሪው ግን በውሃው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከአዞ ማቅለሚያዎች ስብርባሪ መካከል መርዛማ አሮማቲክ አሚኖች ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ በቤተ ሙከራ የቀለሙን መደብዘዝ መለካት ብቻ አይበቃንም፤ የቀረውን ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን መለካት ይኖርብናል። ውሃው ጠራ የምንለው ካርቦኑ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ ነው። ዓይናችን ያላየው ሁሉ የለም ማለት አይደለምና።