ፍላሽ የማያውቀው የመኪና ቴፕ

ከጣርማ በር ተገንጥሎ በመዘዞ በኩል ወደ መንዝ በሚዘልቀው የደጋ መንገድ ላይ ዕድሜ ጠገብ መኪኖች አይጠፉም። ቴፓቸው ካሴትና ሬዲዮ እንጂ ፍላሽ አያውቅም። ዘፈኑ ግን ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ እያለ ዛሬ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ብዙ ባለመኪና ታዲያ ደህናውን ቴፕ አስነቅሎ ርካሽ አዲስ ያስገጥማል። እኔ አይነቀል ባይ ነኝ። ስፒከሩ ጤነኛ፣ ድምፁም ወፍራም ከሆነ የጎደለው ዘፈኑን ወደ ቴፑ የሚያደርስ መንገድ ብቻ ነው።

የተለመደው መፍትሔ የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ኤፍ ኤም ትራንስሚተር ነው። ከፍላሽ ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ያገኘውን ዘፈን ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል፣ በተመረጠለት ቁጥር ያሰራጫል። የመኪናው ሬዲዮ እዚያው ቁጥር ላይ ሲሆን ይቀበለዋል። ጉልበቱ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ጣጣው የሚመጣውም ከዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1ና ሌሎችም ጣቢያዎች አየሩን ስለሞሉት አጠገባቸው የተቀመጠውን ትንሽ ሞገድ ይውጡታል። መዘዞ አካባቢ ክፍት ቁጥር ማግኘት ይቀላል፤ ያው ዕቃ ከከተማው ይልቅ እዚህ ጠርቶ ይሰማል። ሆኖም የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል፣ ከፍታ ደግሞ ይገልጠዋል። ሸለቆ ውስጥ ጥርት ያለው ቁጥር ጣርማ በር አናት ላይ በሩቅ ጣቢያ ሊረበሽ ስለሚችል ሁለተኛ ቁጥር አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።

ለጃፓን ገበያ ተሠርተው፣ መሪያቸው ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡት ቪትዞች ሌላ ጠባይ አላቸው። የቆየው የጃፓን ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ትራንስሚተሩን ከ87.5 እስከ 90 ባለው ጠባብ ቦታ ማስተካከል ግድ ይላል።

ካሴት ለሚያጫውት ቴፕ ግን የካሴት አዳፕተርን አስበልጣለሁ። ቅርጹ ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ካሴት ነው፤ ውስጡ ግን ክር የለም። በክሩ ፈንታ ያለው ትንሽ ሄድ ከስልኩ በሽቦ የመጣውን ድምፅ ወደ መግነጢስ ለውጦ ለቴፑ ሄድ ያቀብላል። ከአየር ሞገድ ጋር ጉዳይ ስለሌለው ተራራም ጣቢያም አይነካውም። ድምፁ ከታፈነ መጀመሪያ የቴፑን ሄድ በአልኮል በነካ ጥጥ መጥረግ ነው። የስልኩን ድምፅ ከፍ፣ የቴፑን ዝቅ ማድረግም ሹክሹክታውን ይቀንሳል።

ለአይሱዙ ሹፌሮች አንድ ነገር ልጨምር። የቤት መኪና ባትሪ 12 ቮልት ሲሆን የጭነት መኪናው ብዙ ጊዜ 24 ነው። ትራንስሚተር ሲገዙ ጀርባው ላይ 12-24 መባሉን ይዩ፤ ለ12 ብቻ የተሠራው ሊቃጠል ይችላል። ፍላሹ አልነበብ ካለም ሳይጥሉት በፊት፣ ዘፈኖቹን ሌላ ቦታ ገልብጠው በኮምፒውተር ፋት 32 በሚባለው ፎርማት ያስተካክሉት።