የስፖርት ወጌሻና በኢንተርኔት የሚሰጠው ከፍተኛ ትምህርት

የጨዋታ ትምህርት የልጆችን አካል እንደሚያጠነክር፥ መታዘዝንና መተባበርንም እንደሚያስለምድ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጨዋታው እየበረታ፥ ውድድሩም ዓመቱን ሙሉ የሚደረግ እየሆነ በሄደ መጠን፥ በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብሮ ሳይበዛ አልቀረም። ስለዚህ ልጅን ወደ ሜዳ የሚያወጣ ትምህርት ቤት ሁሉ፥ ያ ልጅ በወደቀ ጊዜ ማን እንደሚያነሣው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባዋል። በዚህ ነገር ብዙ የደከመችው፥ በብዙ ጉዳትም የተማረችው አገር አሜሪካ ስለ ሆነች፥ ሥራዋን መመርመር የሚጠቅም ነው። (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ለዚህ ሥራ ተለይቶ የሚማር ባለሙያ አለ። በኢትዮጵያ የእግር ኳስ ቡድኖች ዘንድ «ወጌሻ» ከሚባለው ሰው ጋር ሥራው ስለሚቀራረብ፥ እዚህም በዚሁ ስም ቢጠራ አያሳስትም። ይሁን እንጂ የአሜሪካው ወጌሻ ሥራ የተሰበረውን በመጠገን ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ጉዳት እንዳይደርስ ይከላከላል፤ በደረሰም ጊዜ ሐኪም እስኪገኝ ድረስ ነፍስ ያድናል፤ የተጐዳውም ልጅ ወደ ጨዋታ የሚመለስበትን ጊዜ ከሐኪም ጋር ይወስናል። ወጌሾቹ በ1950 በካንሳስ ሲቲ ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ፤ የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበርም በ1990 ሙያቸውን ከጤና ሙያዎች አንዱ አድርጎ ተቀበለው።

በሜዳ ዳር የሚፈረደው ፍርድ ምን ያህል የከበደ እንደ ሆነ፥ በ2006 በዋሽንግተን ግዛት የደረሰው ነገር ይመሰክራል። ዘካሪ ሊስቴት የተባለ የ13 ዓመት ልጅ በጥቅምት ወር አሜሪካን ፉትቦል ሲጫወት ጭንቅላቱ ከመሬት ጋር ተጋጨ። ጥቂት ዐርፎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ግን ተዝለፍልፎ ወደቀ። አንጐሉ ደም ስለ ፈሰሰበትና ስላበጠ፥ ሐኪሞች ሕይወቱን ለማትረፍ የራስ ቅሉን በግራና በቀኝ ከፈቱት። ልጁ ከሞት ተረፈ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ቃል እስኪናገር ድረስ ዘጠኝ ወር ፈጀበት።

ከዚህ በኋላ የዋሽንግተን ግዛት በ2009 በግንቦት ወር በልጁ ስም የሚጠራ ሕግ አወጣ። ቃሉ አጭር ነው። ወላጅና ልጅ ስለ አንጐል መናወጥ የተጻፈላቸውን አንብበው ይፈርማሉ፤ አንጐሉ መናወጡ የተጠረጠረ ልጅ ወዲያው ከጨዋታ ይወጣል፤ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያም በጽሑፍ ሳይፈቅድለት አይመለስም። እስከ 2014 ድረስ ሃምሳዎቹ ግዛቶች ሁሉ ይህን የመሰለ ሕግ አወጡ። የሕጉ ጥበብ ያለው «የተጠረጠረ» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ መጐዳቱ እስኪረጋገጥ ድረስ መጠበቅን አስቀርቷልና። ዳሩ ግን ሕግ ዐይን የለውም፤ የሚጠረጥር ሰው ያስፈልገዋል። ልጁ መጫወት ስለሚወድ ሕመሙን ይሸሽጋል፤ አሠልጣኙ ማሸነፍን ይሻል፤ አባትም ከዳር ሆኖ «ተነሣ» ይላል። ከጨዋታው ውጤት ምንም የማይጠብቀው ሰው ወጌሻው ብቻ ነው።

ከአንጐል መናወጥ ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው ደግሞ ሙቀት ነው። ኮሪ ስትሪንገር የሚባል የሚኒሶታ ቡድን ተጫዋች በ2001 ክረምት በልምምድ ላይ ሳለ ሙቀት መትቶት በማግስቱ ሞተ፤ እርሱ ልጅ ሳይሆን የ27 ዓመት ጐልማሳ ነበረ። በ2010 በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተቋቋመው የጥናት ተቋም፥ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያለፈ ተጫዋች አስቀድሞ በበረዶ ውሃ ገንዳ ተነክሮ እንዲቀዘቅዝ፥ ወደ ሐኪም ቤትም ከዚያ በኋላ እንዲወሰድ ያስተምራል። ይህ በመጀመሪያ ሲሰሙት ያስገርማል፤ የወደቀውን ሰው አንሥቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ የሁሉ ሰው ልማድ ነውና። ነገር ግን ሙቀቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወረደ የውስጥ ብልቶች ይጐዳሉ፤ በመንገድ የጠፋውም ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። በአፍ ወይም በብብት የሚለካው ሙቀት ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ያታልላል። ይህንን ሁሉ አውቆ ልምምዱ ሳይጀመር ገንዳውን የሚያዘጋጅ ሰው፥ ከአደጋው በኋላ ከሚጠራ ሐኪም ይልቅ ያድናል።

በዝግታ የሚመጣም ጉዳት አለ። የልጅ አጥንት በጫፉ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል ገና ስላልጠነከረ፥ አንድ ዐይነት እንቅስቃሴ ሲደጋገምበት ይጐዳል። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ የነበረውን የቶሚ ጆንን የክርን ጅማት በአዲስ ዘዴ ተኩ፤ ሕክምናው የታሰበው ለአዋቂ ባለሙያ ነበረ። በኋላ ግን ወደዚህ ሕክምና የሚቀርቡት ወጣቶች በዙ። ከ2007 እስከ 2011 ባለው ጊዜ የተመረመረ አንድ ትልቅ የመድን መዝገብ፥ ከታካሚዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ከ15 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ያላቸው መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ በ2014 የወጣው የቤዝቦል መመሪያ፥ የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75 ጊዜ በላይ እንዳይወረውር ወሰነ። ውርወራውን ቈጥሮ «ይበቃል» የሚለውም ከሜዳው ዳር የሚቆም ሰው ነው።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ባለሙያ እንዴት ይማራል የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የሙያው መሪዎች በ2015 ወደ ሥራው መግቢያው የማስተርስ ዲግሪ እንዲሆን ወሰኑ፤ ከ2022 ጀምሮም በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ አዲስ ተማሪ መቀበል ቀረ። ጊዜውና ወጪው ስለ በዛ፥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከትምህርቱ ከፊሉን በኢንተርኔት መስጠት ጀመሩ። በዚህ ላይ ሁለቱን ዐይነት ተማሪዎች ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ፈቃድ አግኝቶ በሥራ ላይ ላለው ወጌሻ፥ ከሩቅ መማር እጅግ የተስማማ ነው። በ1892 በሚዙሪ የተመሠረተው ኤ. ቲ. ስቲል ዩኒቨርሲቲ ለእንደነዚህ ያሉት እስከ ዶክትሬት የሚደርስ ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል። በገጠር ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ልጆቹን ትቶ ወደ ከተማ ሳይሄድ ማታ ይማራል፤ የተማረውንም በማግስቱ ከሜዳው ላይ ይፈትነዋል።

ለጀማሪው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአጥንትን ስም፥ የአንጐልን ሥራ፥ የሕጉንም ቃል በኢንተርኔት ሊያጠና ይችላል። ያበጠውን ጕልበት ዳስሶ ጅማቱ መበጠሱን ማወቅ፥ አንገቱ የተጐዳውን ልጅ ሳያናውጡ ማንሣት ግን ከመምህር ፊት ቆመው እጃቸውን እየታረሙ የሚማሩት ነው፤ ዜማም ቢሆን ምልክቱን ከመጽሐፍ በማየት ብቻ አይዘለቅም። ስለዚህ የሙያው የትምህርት ደንብ፥ ተማሪው ቢያንስ አራት ተከታታይ ሳምንት ሙሉ ጊዜውን ከባለሙያ ጋር በሥራ ላይ እንዲውል ያዝዛል። ዕውቅና ከሌለው ትምህርት ቤት የተመረቀም የሙያውን ፈተና ለመውሰድ አይችልም፤ ይህም ገንዘብ ከፍሎ ወረቀት ብቻ ለመግዛት የሚቸኵለውን ሰው ሊያስጠነቅቀው ይገባል።

የማስተርሱ ግዴታ ሙያውን አስከብሯል፤ ከደመወዙ ጋር ግን አልተመጣጠነም። በ2023 የወጌሻ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ ወደ 58 ሺህ ዶላር ሲሆን፥ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ወደ 100 ሺህ ይቀርብ ነበር። የትምህርቱን ዕዳ የተሸከመ ወጣት አነስተኛ ደመወዝ ወደሚከፍል የገጠር ትምህርት ቤት ለመሄድ ቢያመነታ አይፈረድበትም። በ2019 የታተመ ጥናት ከአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሦስቱ አንዱ ያህል ወጌሻ እንደሌለው አስታውቋል። በእነዚያ ስፍራዎች ልጅ ሲወድቅ ወደ እርሱ የሚሮጠው አሠልጣኙ ነው። ለአሠልጣኞች የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ስለ አንጐል መናወጥ አጭር ትምህርት ያለ ክፍያ በኢንተርኔት አዘጋጅቷል። ይህን ትምህርት የፈጸመ አሠልጣኝ ልጁን ከጨዋታ ሊያወጣው ይችላል፤ የሚመለስበትን የፈቃድ ጽሑፍ ግን ሊፈርም አይችልም።