የአኳሪየም ዓሣዎች ሕመምና የክንፍ ጉዳት፦ ከመድኃኒቱ በፊት ውሃው ይመርመር

በዱባይ፣ በሻርጃ እና በአጅማን በመኖሪያ ቤቶች፣ በቢሮዎችና በምግብ ቤቶች ውስጥ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ወይም አኳሪየም ማየት የተለመደ ነው። ገንዳውን የሚገዛው የቤቱ ባለቤት ቢሆንም፣ በየዕለቱ ዓሣዎቹን የሚመግበው፣ ውሃውን የሚቀይረውና ሕመም ሲከሰት ቀድሞ የሚያስተውለው ብዙውን ጊዜ ተቀጣሪ ሠራተኛ ነው። የሕመም ምልክቶችን በጊዜ ለይቶ ማወቅ የዓሣውን ሕይወት ከማትረፉም በላይ አላስፈላጊ ወጪንና በሠራተኛና በአሠሪ መካከል ሊፈጠር የሚችለውን ቅሬታ ያስቀራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከውሃው ነው

አብዛኛው የአኳሪየም ዓሣ ሕመም መነሻው የውሃው ሁኔታ መበላሸት ነው። ዓሣዎች ከስንጥባቸውና ከዓይነ ምድራቸው የሚያወጡት አሞኒያ መርዛማ ነው። ጤናማ በሆነ ገንዳ ውስጥ በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ ድረስ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ይወስዳል።

ገንዳውን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ፣ ጠጠሩንና ማጣሪያውን በሳሙናና በቧንቧ ውሃ አጥቦ እንደገና መሙላት ዓሣዎችን የሚገድለውም በዚህ ምክንያት ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋል፤ ንጹሕ የሚመስለው ውሃም በጥቂት ቀናት ውስጥ በአሞኒያ ይመረዛል። ትክክለኛው አሠራር በየሳምንቱ ከውሃው ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ብቻ መቀየር፣ የማጣሪያውን ስፖንጅም ከገንዳው በወጣው ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማለቅለቅ ነው።

በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። ለመኖሪያ ቤቶች የሚቀርበው ውሃ በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ሲሆን፣ በበጋ ወራት በጣሪያ ላይ በሚገኙ ታንከሮች ውስጥ ስለሚሞቅ ከቀዝቃዛው ቧንቧ እንኳ ትኩስ ሆኖ ይወርዳል። ይህን ውሃ በቀጥታ ወደ ገንዳ መጨመር ዓሣውን ለድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ውሃውን በንጹሕ ባልዲ ቀድቶ ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ማሳደር፣ ክሎሪን ማስወገጃ መጨመርና ሙቀቱ ከገንዳው ውሃ ጋር መመጣጠኑን በቴርሞሜትር ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሙቀት የኦክስጅንንም መጠን ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ግን የሚይዘው 7.5 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ለበጋ ዕረፍት ሲጓዝ የቤቱን ማቀዝቀዣ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ለዓሣዎቹ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዓሣዎች በውሃው ገጽ ላይ አፋቸውን ከፍተው በፍጥነት ሲተነፍሱ ከታዩ የአየር ፓምፑን ማጠንከር፣ በውሃው ገጽ ላይ የአየር ማራገቢያ ማዞርና በጥብቅ የተከደነ የበረዶ ውሃ ጠርሙስ በገንዳው ላይ ማንሳፈፍ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ለመቀነስ ይረዳል።

የክንፍ ጉዳት፦ መቀደድ ወይስ መበስበስ?

የዓሣ ክንፍ ሊጎዳ የሚችለው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በሌላ ዓሣ ሲነከስ፣ ስለታማ በሆነ ጌጥ ሲጫር ወይም በማጣሪያው አፍ ሲሳብ የሚደርስ መቀደድ ነው። በዚህ ጊዜ ቁስሉ በአንድ ጊዜ የሚታይ ሲሆን ጠርዙ ቀለሙን አይለውጥም፤ ከቀን ወደ ቀንም አይሰፋም። ረዣዥም ክንፍ ያላቸው የቤታና የጋፒ ዝርያዎች ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ሁለተኛው በባክቴሪያ የሚመጣ የክንፍ መበስበስ ነው። የክንፉ ጠርዝ ነጭ፣ ቀይ ወይም ጠቆር ያለ መልክ ይይዛል፤ ከዚያም ክንፉ ቀስ በቀስ እየተበላ ወደ ሰውነት ይጠጋል። ባክቴሪያዎቹ በአብዛኛው በማንኛውም ገንዳ ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ ዓሣውን የሚያጠቁት በቆሸሸ ውሃ፣ በመጨናነቅ ወይም በቁስል ምክንያት ሲዳከም ነው።

ለሁለቱም ዓይነት ጉዳት ቀዳሚው ሕክምና ንጹሕ ውሃ ነው። ተናካሹን ዓሣ መለየት፣ ስለታማውን ጌጥ ማውጣት፣ ለጥቂት ቀናት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከውሃው አንድ አራተኛ ያህሉን መቀየርና ምግብ መቀነስ በርካታ ቀላል ጉዳቶችን ያድናል። የክንፉ ሥር እስካልጠፋ ድረስ ክንፉ መልሶ ያድጋል። በጠርዙ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ክፍል መታየቱ የመዳን ምልክት እንጂ አዲስ በሽታ አይደለም። ብስባሹ እየሰፋ ወደ ሰውነት ከተጠጋ ግን የእንስሳት ሐኪም ማማከር ግድ ይሆናል።

ነጭ ነጠብጣብና ጥጥ መሰል ሽፋን

በዓሣው ቆዳና ክንፍ ላይ የተነሰነሰ ጨው የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ሲታዩና ዓሣው ሰውነቱን ከጠጠር ጋር ሲያሻሽ፣ በሽታው በአኳሪየም ባለቤቶች ዘንድ ኢክ ተብሎ የሚታወቀው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው። አምጪው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ተሕዋሱ በቆዳው ሥር አድጎ ወደ ገንዳው ወለል ይወድቃል፤ እዚያም ተከፋፍሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ተሕዋስያንን ወደ ውሃው ይለቃል።

መድኃኒት የሚገድለው በውሃው ውስጥ የሚዋኙትን ብቻ ነው፤ በቆዳው ሥር ያሉትን አይደርስባቸውም። በመሆኑም ነጥቦቹ እንደጠፉ ሕክምናውን ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል። ሙቀት የተሕዋሱን የሕይወት ዑደት ስለሚያፋጥን፣ ሙቀት ለሚችሉ ዝርያዎች ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ 28 ወይም 30 ዲግሪ ከፍ ማድረግና አየር መጨመር መድኃኒቱ ቶሎ እንዲሠራ ያግዛል።

ይሁንና ይህ ዘዴ ለሁሉም በሽታ አይሆንም። በአፍ ዙሪያ ወይም በጀርባ ላይ የሚታይ ጥጥ መሰል ግራጫ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው ተብሎ ቢታሰብም፣ ኮለምናሪስ የተባለ የባክቴሪያ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በሙቅ ውሃ ውስጥ እጅግ ይፋጠናል፤ አንዳንዴም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ በሽታውን ሳይለዩ ሙቀት መጨመር ሊያድኑት የፈለጉትን ዓሣ ሊገድል ይችላል። እውነተኛው ፈንገስ አብዛኛውን ጊዜ በቆየ ቁስል ላይ እንደ ጥጥ ጉንጉን ሆኖ ይበቅላል።

የሆድ መነፋትና የቅርፊቶች ወደ ውጭ መቆም ደግሞ የውስጥ አካል መጎዳትን የሚያሳይ ሲሆን፣ የመዳን ዕድሉም አነስተኛ ነው። እንዲህ ያለውን ዓሣ ከሌሎቹ ለይቶ ሐኪም ማማከር ይገባል።

ጨውና መድኃኒት በልክ

መድኃኒት ከመጨመር በፊት የገንዳውን ውሃ መጠን ማስላት ያስፈልጋል። ርዝመትን፣ ስፋትንና የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል መጠኑን በሊትር ይሰጣል። ለምሳሌ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ያለው ገንዳ 54 ሊትር ይይዛል።

ለጨዋማ ያልሆነ ውሃ ዓሣዎች ቀላል የጨው ሕክምና በሊትር 1 ግራም ይጀምራል፤ ለዚህ ገንዳ 54 ግራም፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። ጨው በባልዲ ከሟሟ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ውሃ ሲተን ጨው ወደኋላ ስለሚቀር፣ የተነነውን ለመተካት ጨው የሌለው ውሃ ብቻ ይሞላል። ቅርፊት የሌላቸው ዓሣዎችና የውሃ ተክሎች ጨውን በደንብ አይችሉም። መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች ደግሞ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ይገድላሉ። በመድኃኒት ጊዜ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ከሰል መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ መድኃኒቱን ይመጥጠዋል። አንቲባዮቲክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ከመግደሉም ሌላ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ያበዛል።

የሠራተኛውም ጤና ይጠበቅ

በአኳሪየም ውሃ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለ ባክቴሪያ በእጅ ላይ ባለ ጭረት ወይም ቁስል ገብቶ ሰውን ሊያሳምም ይችላል። ምልክቱ በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት በኋላ በጣት፣ በእጅ ወይም በክንድ ላይ የሚወጣና ቶሎ የማይድን እብጠት ወይም ቁስል ነው። ገንዳ የሚያጸዳ ሰው ጓንት ማድረግ፣ ከሥራ በኋላ እጁን በሳሙና መታጠብና ውሃን በቱቦ በአፍ ከመሳብ መቆጠብ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ቁስል የወጣበት ሠራተኛ ሐኪም ቤት ሲሄድ የዓሣ ገንዳ እንደሚያጸዳ መናገር አለበት፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ በሽታው ሳይለይ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ቤት ውስጥ የተባይ ማጥፊያ በሚረጭበት ጊዜም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለበረሮና ለትኋን የሚረጩ በርካታ መድኃኒቶች በጣም በትንሽ መጠን እንኳ ለዓሣ ገዳይ ናቸው። ከርጭቱ በፊት ገንዳው በሚገባ መሸፈን፣ የአየር ፓምፑም ለአጭር ጊዜ መጥፋት ይኖርበታል፤ ክፍሉ አየር ካገኘ በኋላ ወዲያውኑ ይከፈታል።

አዲስ ዓሣ ከገበያ ሲገዛ ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት በተለየ ገንዳ ማቆየት፣ ምግብም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ በሚያልቅ መጠን መስጠት ከማንኛውም መድኃኒት የተሻለ መከላከያ ነው። በ2007 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት የፌዴራል ሕግ ቁጥር 16 እንስሳትን የሚያሳድጉ ሁሉ ተገቢውን እንክብካቤ እንዲያደርጉላቸው ያስገድዳል። የታመመን ወይም የማይፈለግን ዓሣ ወደ ባሕር፣ ወደ ሐይቅ ወይም በሐታ ተራሮች ወደሚገኙ ጅረቶች መልቀቅም ተገቢ አይደለም፤ በሽታውን በአካባቢው ወደሚኖሩ ዓሣዎች ሊያዛምት ይችላልና።