ከወሰን እስከ ታጁራ፦ የበዓል ጉዞ በአውቶቡስና በጀልባ

በዓል ከቅዳሜና እሁድ ጋር ሲገጣጠም ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ወይም ከሰፈር ጓደኞች ጋር ወደ ጎረቤት አገር ጅቡቲ ሄዶ የመመለስ ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። ለምሳሌ ጥምቀት ሰኞ በሚውልበት ዓመት ሦስት ተከታታይ የዕረፍት ቀናት ይገኛሉ። በየካ ክፍለ ከተማ ወሰን አካባቢ የሚኖር ሰው የጃንሜዳን ጥምቀትና ጥር 12 ወደ መንበሩ የሚመለሰውን የየካ ሚካኤልን ታቦት ትቶ መሄዱ ከቤተሰቡ ወቀሳ ሊያመጣበት ይችላል። ሆኖም ታኅሣሥና ጥር የጅቡቲ አየር ለመንገደኛ የሚስማማባቸው ወራት ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ሦስቱ ቀናት የማይበቁ መሆኑ ነው። ለወሰን ነዋሪ ቅርብ የሆነው የላምበረት መናኸሪያ በዋነኛነት ለሰሜኑ መስመር የሚያገለግል በመሆኑ፣ ጉዞው የሚጀምረው ከተማዋን አቋርጦ ወደ ምሥራቁ መስመር በመሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ አንድ ቀን ሙሉ ይወስዳል። በማግሥቱ 220 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የድሬዳዋ ደወሌ የክፍያ መንገድ ተጉዞ ጠረፍ ላይ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ፍተሻ ይደረጋል። መሄጃና መመለሻው ብቻ አራት ቀናት ስለሚፈጅ፣ የባሕሩ ጉዞ ሲታከልበት ከስድስት ቀናት አያንስም። የዓመት ፈቃድ ሳይሞላ የሚነሳ ሠራተኛ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው ሊገኝ አይችልም።

የባሕሩ ጉዞ የሚደረገው ከጅቡቲ ከተማ ወደ ታጁራ ነው። በቀጥታ ሲለካ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህ ርቀት በየብስ ባሕረ ሰላጤውን መዞር ስለሚጠይቅ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ታጁራ ለሸዋ እንግዳ ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ በ1841 ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር የተነሳው ከዚያ ነበር። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ጭኖ እ.ኤ.አ በ1886 መገባደጃ ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ አንኮበር የደረሰው በ1887 መጀመሪያ ነው። ንጉሡን ያገኛቸው ግን እንጦጦ ላይ ነበር። ከወሰን ሽቅብ የሚታየው ተራራ መሆኑ ነው። ዛሬ ታጁራ እ.ኤ.አ በ2017 የተመረቀ አዲስ ወደብ ያላት ሲሆን፣ የወደቡ አንዱ ዓላማ የኢትዮጵያን ፖታሽ ወደ ውጭ መላክ ነው።

ይህ አጭር የባሕር መንገድ አሳዛኝ ታሪክም አለው። እ.ኤ.አ ሚያዝያ 6 ቀን 2006 ለሃይማኖታዊ በዓል ወደ ታጁራ የሚጓዙ ሰዎችን ከመጠን በላይ የጫነች ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ እንደወጣች ተገልብጣ ከ60 በላይ መንገደኞች ሕይወታቸው አልፏል። የአደጋው አሠራር ቀላል ነው። ሰውና ዕቃ ሲበዛ ጀልባዋ ወደ ውኃው ትሰምጣለች። በላይኛው ወለል ላይ ብዙ ሰው ሲቆም ክብደቱ ወደ ላይ ስለሚያደላ ሚዛኗ ይዛባል። መንገደኛው ፎቶግራፍ ለመነሳትም ሆነ ደንግጦ በአንድ ወገን ሲከማች ደግሞ ለመመለስ በማትችልበት ሁኔታ ታዘነብላለች። ስለዚህ በበዓል ሰሞን የሞላ ጀልባ ያጋጠመው ቡድን ቀጣዩን መጠበቅ፣ የሕይወት አድን ጃኬቱ የት እንዳለ ጀልባው ሳይነሳ መጠየቅ ይኖርበታል። ጃኬቱ ከወንበር ሥር ታስሮ መቀመጡ ብቻውን አይበቃም። አብዛኞቻችን ዋና የማናውቅ የደጋ ሰዎች መሆናችንም መዘንጋት የለበትም።

ከታጁራ በስተምሥራቅ የምትገኘው ኦቦክ ደግሞ ሌላ ገጽታ አላት። ወደ የመን የሚሻገሩና ከዚያ የሚመለሱ ወገኖቻችን የሚያልፉት በዚህ ጠረፍ ነው። እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2024 በሁለት ሳምንታት ልዩነት ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጎዶሪያ አቅራቢያ ተገልብጠው ከ50 በላይ ፍልሰተኞች ሞተዋል። በርካቶቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ቲኬት ቆርጦ፣ ፓስፖርት ይዞ በዚያው ባሕር የሚዝናና ሰው ከማዶ ያለውን ይህን እውነታ ሳያውቅ ባይመለስ መልካም ነው።

የተቀሩት ጉዳዮች የጥንቃቄ ናቸው። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ምጣኔ የተሳሰረ ሲሆን አንዱ ዶላር በ177.7 ፍራንክ ገደማ ይመነዘራል። የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ በመሆኑ እሁድ ቢሮዎች ክፍት ናቸው፤ ዓርብ ግን ጉዳይ ማስፈጸም አይቻልም። የጀልባው መነሻ ቀንና ሰዓት ስለሚለዋወጥ እዚያው ወደቡ ላይ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሰዓት አቆጣጠሩም እንደ እኛ ከንጋት አይጀምርም። በቲኬቱ ላይ ጠዋት 7 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ ይህን ሳያስተውል ምሳውን በልቶ ወደብ የሚደርስ ሰው ጀልባው ከሄደ ስድስት ሰዓት ያልፈዋል።