ሲጋራና ሙያ፦ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ሐኪም ቤት

የሲጋራ ልማድ በሁሉም ሙያ እኩል አይገኝም። በብዙ አገሮች የግንባታ ሠራተኞች፣ ማዕድን ቆፋሪዎች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችና የመጠጥ ቤት አስተናጋጆች ከመምህራን በበለጠ ያጨሳሉ። ለልዩነቱ ገቢና ትምህርት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሥራው ራሱም ድርሻ አለው፤ ቀኑን የሚከፋፍልበት መንገድ፣ ዕረፍት የሚሰጥበት ሥርዓት፣ አዲስ ገቢው ከነባሮቹ ጋር የሚላመድበት ልማድ ሁሉ አንድን ሰው ወደ ሲጋራ ሊያቀርበው ወይም ከሲጋራ ሊያርቀው ይችላል። ይህ በጉልህ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ የፖሊስ ሥራ ነው።

ኒኮቲን በአንጎል ውስጥ

አጫሹ ጭሱን ሲስብ በትንባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ አንጎል ይደርሳል። እዚያም አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ የሚያርፍባቸውን ተቀባዮች ይይዛል፤ የእርካታ ስሜት የሚፈጥረው ዶፓሚን እንዲመነጭም ያደርጋል። ደም ውስጥ የገባው ኒኮቲን ግን በ2 ሰዓት ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ያን ጊዜ ሱሰኛው ይቁነጠነጣል፣ ይበሳጫል፣ ሐሳቡ ይበታተናል። ቀጣዩ ሲጋራ ይህን ስሜት ስለሚያነሳለት «ሲጋራ ያረጋጋኛል» ይላል። ሲጋራው ያበረደው ጭንቀት ግን በአብዛኛው ያለፈው ሲጋራ ትቶት የሄደው ነው።

በ8 ሰዓት ፈረቃ ውስጥ ኒኮቲኑ አራት ጊዜ ያህል በግማሽ ለመውረድ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ አጫሽ ሠራተኛ በሥራ ገበታው ላይ ሳለ ሱሱ ደጋግሞ ይጠራዋል። ሥራው በራሱ አስጨናቂ ሲሆን፣ የሥራውን ጭንቀት ከሱሱ ጭንቀት ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል።

ተረኝነት፣ ዕረፍትና ወዳጅነት

ፖሊሱን፣ ወታደሩንና የጥበቃ ሠራተኛውን የሚያመሳስላቸው ረጅም ጥበቃና ድንገተኛ አደጋ መፈራረቃቸው ነው። ለሰዓታት ምንም ሳይሆን ይቆያል፤ ከዚያ በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው በተለይ ከራሱ ሰውነት ጋር ይታገላል። ኒኮቲን የሚያነቃ ንጥረ ነገር በመሆኑ እንቅልፍን ለጊዜው ያባርርለታል። ይሁንና ተረኛው ንጋት ላይ ቤቱ ገብቶ ሲተኛ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ በማግስቱም ደክሞ ወደ ጥበቃው ይመለሳል፤ ድካሙን ለመቋቋም ደግሞ የበለጠ ያጨሳል። የሌሊት ጭነት በሚያጓጉዙ ሾፌሮች ዘንድም ይኸው አዙሪት ይታያል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ጫት በሚቃምባቸው አገሮች ምርቃናው ሲጋራን ስለሚጠራ ሁለቱ ልማዶች ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ።

ከተረኝነት ቀጥሎ ሁለተኛው ምክንያት ዕረፍት ነው። በብዙ የሥራ ቦታ «ሲጋራ አጭሼ ልምጣ» ያለ ሰው ያለ ጥያቄ ይወጣል፤ ነፋስ ለመቀበል ብቻ የወጣው ግን እንደ ሰነፍ ሊታይ ይችላል። በዚህ ዓይነት ሲጋራ የዕረፍት ፈቃድ ይሆናል።

ሦስተኛው ወዳጅነት ነው። ሲጋራ መጋበዝና እሳት መለኮስ አዲሱን ምልምል ከነባሮቹ ጋር ያቀራርበዋል። የጦር ሠራዊቶች ይህን ልማድ ለረጅም ጊዜ በራሳቸው እጅ አስፋፍተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች ከምግብ ራሽናቸው ጋር ሲጋራ ይታደል ነበር፤ ሲጋራ ከራሽኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ከጦርነት የተመለሰው ወታደር በሲቪል ኑሮውም፣ ፖሊስ ሆኖ ሲቀጠርም፣ ልማዱን ይዞ ይሄዳል።

ሩጫ፣ ልብና ሕግ

የሲጋራ ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ይህ ጋዝ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። የአጫሽ ደም ስለዚህ ለጡንቻና ለልብ የሚያደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። ኒኮቲን በበኩሉ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ቆይቶ በድንገት ተነሥቶ ተጠርጣሪ ለማሳደድ ለሚሮጥ ፖሊስ ይህ ከባድ ሸክም ነው።

በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ በልብ ሕመም ወይም በደም ግፊት ምክንያት መሥራት ቢያቅተው ሥራው እንዳመጣበት ተቆጥሮ ጡረታ ይከበርለታል። በዚያው ግዛት ከጥር 1 ቀን 1988 በኋላ የሚቀጠሩ ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሥራ ላይም ሆነ ከሥራ ውጭ እንዳያጨሱ በሕግ ተከልክለዋል። ክልከላውን ጥሳ ከሥራ የተሰናበተች አንዲት ፖሊስ ጉዳይ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ1997 ስንብቱን አጽንቷል።

ሐኪሞች ያሳዩት መንገድ

ሐኪሞችም በአንድ ወቅት አጫሾች ነበሩ። ካሜል የተባለው ሲጋራ ከ1946 ጀምሮ በአሜሪካ ይተዋወቅ የነበረው ከሌላ ሲጋራ ይልቅ ሐኪሞች የሚመርጡት እንደሆነ በመግለጽ ነበር። በዚያው ዘመን በብሪታንያ ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የሳንባ ካንሰር ለምን እንደበዛ ያጠኑ ነበር። ዶል ራሱ ያጨስ ነበር፤ ውጤቱን ባየ ጊዜ ግን አቆመ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1951 ለብሪታንያ ሐኪሞች መጠይቅ ላኩ፤ ከ40,000 በላይ የሚሆኑት መለሱ። ከእነዚህም 34,439 ወንድ ሐኪሞች ለ50 ዓመታት ክትትል ተደረገባቸው።

በ2004 የወጣው ማጠቃለያ እንዳሳየው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው ሞተዋል። በ60 ዓመታቸው ያቆሙት 3 ዓመት፣ በ50 ያቆሙት 6፣ በ40 ያቆሙት 9፣ በ30 ያቆሙት ደግሞ 10 ዓመት ገደማ አትርፈዋል። የብሪታንያ ሐኪሞች ማስረጃውን ከሌላው ሕዝብ ቀድመው ስላወቁት ቀድመው ሲጋራ ትተዋል። ማጨስ የተለመደበት ሙያ በአንድ ትውልድ ዘመን ሊለወጥ እንደሚችል የእነርሱ ታሪክ ይመሰክራል።

የሥራ ቦታ አየር

አንዳንድ ሙያ የሲጋራን ጉዳት ያባብሳል። ኧርቪንግ ሴሊኮፍና ባልደረቦቹ በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ በአስቤስቶስ አቧራ ውስጥ የሠሩ የማያጨሱ ሠራተኞች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ከማያጨሱና ለአስቤስቶስ ካልተጋለጡ ሰዎች 5 እጥፍ ገደማ ነበር። ለአስቤስቶስ ያልተጋለጡ አጫሾች ዕድል 11 እጥፍ ገደማ፣ አስቤስቶስና ሲጋራ የተደራረቡባቸው ሰዎች ዕድል ደግሞ ከ50 እጥፍ በላይ ነበር።

ሳያጨስ ጭሱን የሚተነፍስ የሥራ ባልደረባም ይጎዳል። በዚህ ምክንያት አየርላንድ መጋቢት 29 ቀን 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በዝግ የሥራ ቦታዎች ሁሉ ማጨስን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀሙት ከአዋቂዎች 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በቤት ውስጥ ከሚሠሩት መካከል ግን ከ10 ወደ 3 የሚጠጉት በሥራ ቦታቸው ለጭስ ይጋለጡ ነበር። የጥቂቶች ሲጋራ የብዙዎች አየር ሆኖ ነበር ማለት ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በዝግ የሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል።

ማቆም

አጫሽ ካቆመ በሰዓታት ውስጥ ደሙ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ይጠራል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ደግሞ በሲጋራ ምክንያት የተጨመረበት የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ይቀንሳል። ከብቸኛ ቁርጠኝነት ይልቅ የሐኪም ምክርና መድኃኒት ሲጣመሩ የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን ለ16 ወይም ለ24 ሰዓት ስለሚሠራ ተረኛውን ፈረቃውን ሙሉ ይይዘዋል፤ ድንገት ለሚነሣ አምሮት ደግሞ የሚታኘከው የኒኮቲን ማስቲካ ይረዳል። ቀሪው የአሠሪው ድርሻ ነው፦ የሌሊት ተራን በሚዛን ማከፋፈል፣ የሚያጨሰውም የማያጨሰውም እኩል ወጥቶ የሚያርፍበትን ሰዓት መወሰን፣ ከከባድ ግዳጅ ለተመለሰ ሰው የሚያዋየው ባለሙያ ማዘጋጀት። ሲጋራ በሥራው ላይ ይሞላቸው የነበሩት ቦታዎች እነዚህ ናቸውና።